ካርቶን የተንጠለጠለበት ኮምፒውተር

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ዝናብ አይሉት፣ ልብስ አያደርቅ። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለሆንኩ እንዲህ ያለውን ቀን አልወደውም። ታናሽ እህቴ ቦርሳዋን በፌስታል ሸፍና ገባችና «ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በወረርሽኙ በሽታ ምክንያት ሁላችሁም ወደየቤታችሁ አሉን» አለች።

«ጽሑፍሽስ?» አልኳት። የመመረቂያ ጽሑፏን ነው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ ስለ ጽሑፉ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱን ካላስገባች አትመረቅም።

«ኮምፒውተሬ ላይ ነው፤ የት ይሄዳል?»

ኮምፒውተሬ የምትለው የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ነው። ቤታችን ያለው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳ ብቻ ነው። መጽሐፍ ስለማይለያት ሰፈሩ ከልጅነቷ ጀምሮ «ዶክተር» ይላታል። በሽታው የገባ ሰሞን የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሚስት በአጥር በኩል «ዶክተር፣ ለሳል ምን ይሻላል?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ የማጠናው ታሪክ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ድሮ ምን ያደርጉ ነበር?»

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጋሽ ዝምታ ይባላሉ። ቀኑን ሙሉ «ዝምታ!» ሲሉ ስለሚውሉ የወጣላቸው ስም ነው። እህቴን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት። እናታችንን አግዛ አርፍዳ ስለምትደርስ፣ ቦታዋን ሰው እንዳይቀማት ብለው ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ካርቶን ያንጠለጥሉላት ነበር። ስትመጣ ያነሱታል፤ ስትወጣ ይመልሱታል። አንዴ ፍላሽዋን ቫይረስ ስለበላው ሁሉንም ነገር እዚያው ታስቀምጥ ነበር። ለራስ በኢሜይል መላክ እንደሚቻል ያሳያት የለም። እሷም መጠየቅ አፈረች። ዶክተር እየተባሉ እንዴት ይጠየቃል?

ትንሽ ቆይቶ አስተማሪዋ ደወሉላት። «የጻፍሽውን በኢሜይል ላኪልኝ፤ በወሩ መጨረሻ መግባት አለበት።»

አብረን ሄድን። ጋሽ ዝምታ የበሽታውን መከላከያ መድኃኒት ለሚረጩት ሰዎች በሩን ሊከፍቱ መጥተው አገኘናቸው። የመጣንበትን ስትነግራቸው ገብተው አይተው ወጡና ከአጥሩ ወዲያ ራቅ ብለው ቆሙ።

«የለም፣ ልጄ።»

«ምኑ ነው የሌለው፣ ጋሼ?»

«ኮምፒውተሩ። የበሽተኛ መመዝገቢያ ቦታ ኮምፒውተር አጥሮ፣ የተበላሹትን ሰብስበው ወሰዱ አሉ። ውስጡን ጠርገው እንደ አዲስ ነው የሚሠሩት። ደህነኞቹን ግን አልነኳቸውም።» ማስካቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉት። «ካርቶኑን አይተው ነው። በገዛ እጄ ያንጠለጠልኩትን።»

«ለእኔ ብለው አይደል፣ ጋሼ» አለቻቸው።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ዋይፋዩ ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ውጭም ይደርስ ስለነበር ተማሪዎች ተራርቀው እዚያ ሥር ይቀመጡ ነበር። እሷም ስልኳን ይዛ በአውራ ጣቷ እንደገና ጀመረች። መጻሕፍቱ በኢንተርኔት ይነበባሉ ተብሎ ነበር፤ የሚከፍታቸው የይለፍ ቃል ግን ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ሳለ ተመዝግቦ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ ከራሷ ትዝታ እየቀዳች ትጽፍ ነበር። አንዳንዴ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ የሚያያት ጸሎት የምታደርስ ይመስለዋል።

ግማሽ ሳታደርስ እናታችን ታመመች። እኔ ከማጥበው አንሶላ ይሁን ከገበያ፣ ማን ያውቃል። እህቴ ግድግዳውን ትታ እናታችን አጠገብ ተቀመጠች። ወሩም አለቀ።

ጋሽ ዝምታም በዚያው ሰሞን ሆስፒታል ገቡ፤ አልወጡም። እህቴ መርዷቸውን ስትሰማ «ይቅርታ እንዳደረግኩላቸው አልነገርኳቸውም እኮ» አለች።

«ቂም መች ያዝሽባቸውና?»

«አልያዝኩም። ግን እሳቸው ያንን ያውቁ ነበር?»

ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። እናታችን ተርፋለች፤ ትንፋሿ ግን ከአልጋ እስከ በር አያደርሳትም። አጠገቧ ሰው ያስፈልጋል። እህቴ ትምህርቱን አልቀጠለችም። የልብስ ሰፊው ሚስት ዛሬም «ዶክተር» ትላታለች፤ እሷም «አቤት» ትላለች።

አሁን ዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ተቀጥራ የሌሎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ እናታችንን ለእኔ ትታ እሷ ትወጣለች።