የቀይዋ መኪና ታንከር አልተበሳም

ታንከሩ አልተበሳም ወገኖቼ! እንዴት ዋላችሁ?

የባሌ አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ቤንዚን ስታንጠባጥብብን ከረመች። መካኒኩ «ታንከሩ በስብሷል፣ ምትክም አይገኝለትም» ስላለ ባሌ ነገ ለቁራሌው ሊሸጣት ነበር። ልጃችን ሰሚራ የምትሞሸርባት መኪና እኮ ናት።

እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ፣ ቤንዚን በተገኘ ቀን ሁላችንም እስከ አፉ ነው የምናስሞላው። የምታፈሰው ደግሞ ያን ቀን ብቻ ነው። ይሄ ነገር ከነከነኝና ዛሬ እንዳስሞላን ሥሯ ገብቼ፣ የሚፈስበት ቦታ እንዲታየኝ ታንከሩን በዱቄት አለበስኩት።

«ልትጠብሺው ነው?» አለኝ ባሌ።

ዱቄቱ ከታች ደረቅ ነው። እርጥቡ የሚወርደው ከላይ፣ ከመሙያው የጎማ ቱቦ ነው፤ ለካ ተሰንጥቋል። ቱቦውን ቀየርነው፣ አንዲት ጠብታ የለም።

ባሌ ወዲያው ለቁራሌው ደውሎ «ወላሂ አልሸጥም፣ ሐጃዬ አድናታለች» አለው።

እናንተስ መካኒክ ያቃተውን አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ግን ማንም እንዳይቀር፤ ሙሽራዋ በቀይዋ ነው የምትወጣው።