ስሟ እንዳይወጣ አደራ

መንግሥት ሚስጥሩን ከሕዝብ ይደብቃል ሲባል እሰማለሁ። አይደብቅም። እኔ በምኖርበት የቡራዩ ሰፈር የመሬት ጉዳይ ኃላፊው የቢሮውን ሥራ የሚሠራው በስልክ ግሩፕ ነው። የዕድራችን ሊቀመንበርም እሱው ስለሆነ ሁለቱ ግሩፖች ስልኩ ላይ ተደራርበው ይኖራሉ። የሚለያያቸው የአንድ አውራ ጣት ስፋት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ስመለስ የዕድሩ ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ድምፁ የኃላፊው ነው።

«ነገ ጠዋት የደላላውን አጥር እናፈርሳለን። የወንዙን ዳር አጥሮ እየሸጠ መሆኑን የጠቆመችን ባለ ወፍጮዋ ናት። ስሟ እንዳይወጣ አደራ።»

ደላላው የዕድራችን አባል ነው። ከዚህ ቀደም የመሰከረበት የጥበቃ ሠራተኛ ቤቱ ተቃጥሎ ሰፈሩን ለቋል። ማን እንዳቃጠለው ሁሉም ያውቃል፤ የተናገረ የለም።

ከመልእክቱ ሥር አንዲት እናት ወዲያው «ነፍስ ይማር» ብለው ጻፉ። በዕድር ግሩፕ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ መርዶ ስለሆነ ሰው ሳይሰማ ይመልሳል። ሌሎችም ተከተሏቸው። ሴትዮዋ እህል እየፈጨች ሳለ ሰፈሩ ተሰናበታት።

ታክሲ ተራው ላይ ወርጄ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጥኩ። በሞተሩ ጩኸት ስልኳን አልሰማችም ነበር። ስነግራት ሞተሩን አጠፋች።

«ማን ማን ሰማ?»

«ዕድሩ በሙሉ።»

«እሱስ?»

የግሩፑን የአባላት ዝርዝር ከፍቼ አሳየኋት።

ኃላፊው እያለከለከ ደረሰ። «አጥፍቼዋለሁ እህቴ፣ አታስቢ።»

«ኦቦ፣ ከሰውዬው ጆሮስ በምን አጠፉት?»

«ቆይ፣ ለፖሊሶቹ ግሩፕ ቮይስ ልላክ» ብሎ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

ከእጁ ወሰደችበት። «በእግርዎ ይሂዱ። እግርዎ እስካሁን ማንንም አላጋለጠም።»

ስልኩን ስትመልስለት ሄደ። በሩ ላይ ቆመን ስናይ ደላላው ከአስፋልቱ ማዶ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዟል። አይናገርም፤ ይሰማል። ሲጨርስ እንደገና ከፍቶ ሰማ። ከዚያ ቀና ብሎ በእጁ ሰላም አላት።

አጥሩ ዛሬም አልፈረሰም። ወፍጮው ግን ተዘግቷል፤ እሷ የት እንዳለች አልጽፍም። ድምፁ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ሰበታና ሱሉልታ ደርሷል ይላሉ። በእናንተም ስልክ ላይ ካለ ለማንም ሳታሰሙ አጥፉት።