የጋሽ ደምሴ ቆሎ

ብታምኑም ባታምኑም የእናንተ ጉዳይ ነው። እዚህ በስደት ከተማችን፣ ሆሎዌይ የሚባል ሰፈር አጠገብ የነበረው ስታዲየማችን አሁን የመኖሪያ ፍላት ሆኗል፤ ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ሣር ደግሞ የነዋሪዎቹ ጋርደን ነው። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤቴ ከጋሽ ደምሴ ጋር እዚያ ነበርን። ዓይኔን ከኳሱ ሳልነቅል መዳፌን ወደ ጎን ስዘረጋ፣ ከካፖርታቸው ኪስ ቆሎ ዘግነው ይሰጡኛል። «ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ለሁለተኛው አጋማሽ ይትረፈን» ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀብራቸው ስመለስ እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። ጋርደኑ ጭር ብሏል። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሣሩን ትክ ብዬ ሳይ፣ እጄ በልማዱ ወደ ጎን ተዘረጋ። አፈርኩ። ሰው አይቶኝ ይሆን ብዬ ግራ ቀኝ ቃኘሁ፤ ማንም የለም።

እጄን ልሰበስብ ስል ከበደኝ። መዳፌ ሙሉ ቆሎ ነበር፤ የኪስ ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም።