በሰው ስም የቆመው ፈረስ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥር ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የጋሼ ይስማውን ፊት ግን መርሳት አቃተኝ።

ዳንግላ ውስጥ ትንሽ የሞባይል ሱቅ አለችኝ። ስልክ እጠግናለሁ፤ ሚሞሪ ላይ መንዙማውንም፣ ስብከቱንም፣ ዘፈኑንም እጭናለሁ፤ ሁሉም ደንበኛዬ ነው። በዚያ ሰሞን ስለ አዊ ፈረሶች የተጻፈ፣ በስልክ የሚነበብ መጽሐፍ በቴሌግራም በነጻ ተለቆ፣ አገሩ ሁሉ «ጫንልኝ» እያለ ይመጣ ነበር። መግቢያውን ገረፍ ገረፍ አድርጌ ሳነበው ፊደሉ መከራ ያሳያል። ቃሉ ተቆርጦ ሌላ መስመር ላይ ይወድቃል፣ የደራሲው ስም እንኳ ሁለት ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ነው። ስቄ አለፍሁት። ፊደል ቢሳሳት ሰው ይሞታል እንዴ፣ አልሁ በልቤ።

ጋሼ ይስማው ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር የመጡ አዛውንት ናቸው። ልጃቸው የላከላቸውን ስልክ ይዘው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ገቡ። የመጽሐፉ ጸሐፊ በቀደመው ዓመት የፈረስ በዓል ላይ ፈረሳቸውን አለኝታን ፎቶ አንስቶት ኖሯል። አለኝታ ክረምት ላይ ታሞ ሞተ። ከዚያ በቀር ሌላ ፎቶ የለውም። ጎረቤቶቻቸውን ያመጧቸውም ፈረሱን መጽሐፍ ላይ ሊያሳዩአቸው ነው።

መጽሐፉ ስልኩ ላይ እስኪጫን ተቀምጠው ስለ ፈረሱ አጫወቱኝ። ምንይችል የሚባል የአገራቸው ባለጸጋ ሽጡልኝ እያለ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ልኮባቸዋል። «ልጅ ይሸጣል እንዴ?» ብለው መልሰዋቸዋል። ይህን ሲናገሩ ወገባቸው ራሱ ቀና ይል ነበር።

እኔም ደስ ላሰኛቸው ብዬ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቁ ቴሌቪዥን ከፈትሁላቸው። ምነው እጄን በሰበሰብሁ! ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሊያይ ዞረ።

«የአቶ ይስማው ፈረስ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ አንድ ግራጫ ፈረስ ቆሟል። ይሄ የእኔ አይደለም አሉ። ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍሁ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ብቅ ሲል ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከፈረሱ ሥር ግን «የአቶ ምንይችል ፈረስ» ይላል።

ከጎረቤቶቹ ማንበብ የሚችለው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ሞተ ብለኸን ነበር እኮ» አለ።

ፈረሱ የሞተ ጊዜ ሊያጽናኗቸው ቤታቸው ድረስ የሄዱት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ጋሼ ይስማው አልተቆጡም። «ሞቷል» አሉ ብቻ። እኔ የሥራ ስሕተት ነው ብዬ ለፈለፍሁ። መጽሐፍ አይዋሽም ተብሎ ያደገን ሰው ምን ብዬ ላሳምነው? ሽማግሌው ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው ወጡ። ጎረቤቶቹ ከኋላ እየተንሾካሾኩ ተከተሏቸው።

ጸሐፊውን አፈላልጌ ደወልሁለት። ደነገጠ። መጽሐፉን በኮምፒዩተር ያዘጋጀው ሰው በመጨረሻ ሰዓት ከፊት አንድ ፎቶ ጨምሮ ኖሯል። ፎቶዎቹ ሁሉ በአንድ ቦታ ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፤ ስሞቹ ባሉበት ቀሩ። ለበዓሉ ይድረስ ተብሎ ስለተጣደፉ ማንም ዳግመኛ አላየውም። ከኛ አገር አንድ ሰው ገለጥ ገለጥ ቢያደርገው ኖሮ ወዲያው ይነቃበት ነበር። እዚህ ፈረስን ከነባለቤቱ የማያውቅ የለም።

የታረመው ሲደርሰኝ ሱቄን ዘግቼ ግምጃ ቤት ሄድሁ። ጋሼ ይስማው ደጃቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። አሁን ከአለኝታ ሥር ያለው ስም የእሳቸው ነው። ስልኬን ተቀብለው ሲያዩት ቆዩ። ስክሪኑ ሲጠፋባቸው አበራሁላቸው፤ ደግሞ ሲጠፋ ደግሜ አበራሁላቸው።

«ይሄኛው ለእነዚያ ለሁሉም ይደርሳቸዋል?» አሉኝ።

ለሚመጣልኝ ሁሉ እጭንለታለሁ አልኋቸው፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የፊተኛው ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ የት እንደደረሰ ማን ያውቃል። ቀስ ብለው ስልኩን መለሱልኝና ስለ ልፋቴ መረቁኝ። ምርቃቱ አንገቴን አስደፋኝ።

ዛሬም ከዚያ በኩል የመጣ ደንበኛ ሁሉ ሳይጠይቀኝ የታረመውን እጭንለታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ እጄን ያዘና፣ «ተወው፣ መጽሐፉ አለኝ። ሽማግሌው ሸጦ ሞተብኝ ያለው ፈረስ ያለበት አይደል?» አለኝ። ስንቴ እንዳስረዳሁት አላውቅም፤ እሱ ግን እየሳቀ ወጣ።

ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ባልከፍተው ኖሮ እያልሁ እቆጫለሁ። አለኝታ አልተሸጠም። በባለቤቱ ቤት ነው የሞተው። አዘጋጆች ሆይ፣ ይህን ታሪኬን ከማውጣታችሁ በፊት አደራ፣ ስማቸውን ደግማችሁ እዩልኝ። ባለቤቱ ጋሼ ይስማው ናቸው።