ቀበሮ ልንጠራ ወደ ዶዮገና

ከጊምቢቹ የተነሣሁት ሐሙስ ጠዋት ነው። ከልብሴ ይልቅ የቦርሳዬን ቦታ የያዘው አንድ ስፒከር ነበር። ሥራዬ ሞባይልና ስፒከር መጠገን ስለሆነ ይህን ተሸክሜ መታየቴ ማንንም አይገርምም። የሚገርመው የያዝኩበት ምክንያት ነው፤ ቀበሮ ልጠራበት ነበር።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ማቴዎስ ዶዮገና አጠገብ በግ ያረባል። የዶዮገና በግ ስመ ጥር ነው፤ ለዘር ብለው ከሩቅ እየመጡ ይገዙታል። ዘንድሮ ግን ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ከሆነ ወዲህ ቀበሮ ለመደበትና ግልገሎቹን ፈጀበት። ወጥመድ ቢያጠምድ የጎረቤት ውሻ ተያዘበት። ሲቸግረው ደወለልኝ።

"ደጉ፣ የግልገል ለቅሶ በስልክ ይገኛል አሉ። ቀበሮው ሲሰማው በእግሩ ይመጣል። ድምፁ ሩቅ የሚሰማ ነገር ይዘህ ድረስልኝ።"

ፈልጌ አገኘሁለት። እናቱን ያጣ ግልገል የሚያለቅስበት ቅጂ ነው፤ ቀጭን፣ ደጋግሞ የሚሰበር ድምፅ። ሱቄ ውስጥ ሞክሬው ሲሠራ ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሆሳዕና

ሚኒባሱ እስከ ሆሳዕና ድረስ አቧራ ሲያቅመን ሄደ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ስፒከሩን አይተው፣ "ለመዘምራን ነው?" አሉኝ።

"አይ አባባ፣ ለቀበሮ ነው" ብዬ ነገሩን አጫወትኳቸው።

"እንግዲህ ቀበሮም ጌታን ሊቀበል ነው በለኛ!" ብለው ሲስቁ መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መናኸሪያው አጠገብ ክትፎ በቆጮ በላሁ፤ የምግብ ቤቱን ባለቤት አስፈቅጄም ስፒከሩን እዚያው ቻርጅ አደረግሁ። ወደ ዶዮገና የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ብዙ ቆየን። ከሆሳዕና ወጥተን ሽቅብ በወጣን ቁጥር ብርዱ እየበረታ መጣ። በግራም በቀኝም እንሰት፣ ከእንሰቱ ኋላ ባሕር ዛፍ፣ በመካከል የታጨደ ማሳ። የጥር ሰማይ አንድ ደመና አልነበረበትም።

ዶዮገና

ማቴዎስ አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ይዞ ጠበቀኝ። ቤቱ ስንደርስ እሳት ዳር አንድ ሽበታም ሰው ተቀምጠው አገኘሁ። ጋሼ ታምራት ይባላሉ፤ የቀበሌው ሚሊሻ ናቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ቀበሌው ለአደኑ ፈቅዶ ጠብመንጃ የያዙትን እሳቸውን መድቧል። ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ የሰው ዓይን የሚያዩ ሰው ናቸው። እራታችንን ቆጮ በአይብና በጎመን በላን።

"ሰው ወደዚያ እንዳይመጣ ነግረሃል?" ሲሉ ማቴዎስን ጠየቁት።

"ቤት ለቤት ዞሬያለሁ ጋሼ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ማንም በወንዙ በኩል እንዳይወጣ ለሁሉም ነግሬያለሁ።"

እውነቱን ነበር፤ በእርግጥም ዞሯል።

ንጋት

ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ሦስታችን ከማሳው ጥግ ካለው የድንጋይ ካብ ኋላ ተኛን። ስፒከሩን ከፊታችን ማሳው መካከል አኑሬ ስመለስ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ሰማዩ ገርጣ ሲል ማቴዎስ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ስልኬን ነካሁት።

ድምፁ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሱቄ ውስጥ እንደሰማሁት አልነበረም። ያ ባዶ ማሳ አጎላው። ያለቅሳል፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ያቆማል፣ እንደገና ያለቅሳል። ልዘጋው ፈለግሁ፣ ግን አፈርኩ።

ከማሳው ማዶ፣ እንሰቱ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቡናማ ነው። ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሾለከ፣ ቆም አለ፣ ከዚያ ወደ ድምፁ እየፈጠነ መጣ። ማቴዎስ ክርኔን ጨበጠኝ። ጋሼ ታምራት አነጣጠሩ። ተኩሱ ጆሮዬ ላይ ፈነዳ።

ቡናማው ነገር ወደቀ፤ ወድቆም የሰው ጩኸት ጮኸ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ስንደርስ በቡናማ ጋቢ የተጠቀለለች ሴት ትልሙ ላይ በግንባሯ ተደፍታለች። ማቴዎስ ራሱን ይዞ "ኧረ ጌታዬ! ኧረ ጌታዬ!" ይላል። የሞተች መስሎኝ እጄን ልዘረጋ አልቻልኩም። ስፒከሩ ከኋላዬ አሁንም ያለቅሳል።

ከዚያ ቀና አለች። ፊቷ አፈር ብቻ ነው። ዓይኗ እኛን አልፎ ማሳውን ያስሳል።

"አገኛችሁት?" አለች።

"ምኑን?" አልኳት።

"ሕፃኑን! ያውና እያለቀሰ! ሰው ጥሎት ሄዶ ነው፤ አውሬ ሳይበላው አንሡት እንጂ!"

ተነሥታ ትታኝ ወደ ድምፁ ሮጠች። ስፒከሩ አጠገብ ደርሳ ቆመች፤ ዙሪያውን ገለባ በእጇ ገለጠች፣ ምንም የለም። ያኔ ነው ስልኬን የዘጋሁት። ጸጥ ሲል ዘወር ብላ ስታየን የነበረው ፊቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ምሕረት ትባላለች። የጎረቤቱ የአቶ ኤርሱሞ ልጅ ናት፤ አንጋጫ ወረዳ አግብታ ትኖራለች። የሦስት ወር ልጇን ይዛ ወላጆቿን ልትጠይቅ የመጣችው ትናንት አመሻሽ፣ ማቴዎስ ዞሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። እነሱም የነገራቸውን ለእሷ መንገር ረስተዋል። ልጇን እናቷ ጋር አስተኝታ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ለቅሶውን ሰማች። ጀሪካኗን መንገድ ላይ ጥላ ነው የመጣችው።

ጋሼ ታምራት ከኋላችን ቀስ ብለው ደረሱ። ጠብመንጃውን ለማቴዎስ ሰጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ። "ልጄ... ልጄ..." አሉ።

ተኩሱን የሰማ ሁሉ ወጣ። አቶ ኤርሱሞ ዱላ ይዘው እየሮጡ መጡ። ልጃቸውን ከራሷ እስከ እግሯ ዳሰሷት፤ ደም የለም። እናቷ ግን ጋቢውን ከትከሻዋ ስታነሣው ጫፉ ላይ ቀዳዳ አየች። ምሕረት ጣቷን በቀዳዳው አሾልካ አየችው።

"የቱ ድምፅ ነው?" አሉ አቶ ኤርሱሞ ወደ እኔ ዞረው። "አሰማኝ።"

"ይቅር አባባ" አልኩ።

"አሰማኝ አልኩህ!"

ከፈትኩት። እዚያ የቆሙት ሴቶች በሙሉ፣ ስፒከሩ ዓይናቸው ሥር እያለ፣ አንገታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። አንዲቱ እርምጃ ሁሉ ጀምራ ነበር። አቶ ኤርሱሞ እጃቸውን አነሡ።

"በቃ፣ ዝጋው። በዚህ ድምፅ ቀበሮ ብቻ ይመጣል ብላችሁ እንዴት አሰባችሁ?"

ጋሼ ታምራት ግንባራቸውን አቶ ኤርሱሞ እግር ላይ ሊያደርጉ ጎንበስ ሲሉ የምሕረት አባት ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው፤ ሁለቱም ተላቀሱ። ከዚያ ጋሼ ታምራት፣ "ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ከእኔ አፍ ይስሙት" ብለው ብቻቸውን ወደ ቀበሌ ሄዱ። ጠብመንጃውንም ከማቴዎስ ተቀብለው ይዘው ነበርና እዚያው አስረከቡ።

የመልስ መንገድ

ወዲያው ልመለስ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ሁለት ቀን ቆይቼ ከማቴዎስ ጋር ባሕር ዛፍ ቆርጠን ለግልገሎቹ ጠንካራ በረት ሠራን። አቶ ኤርሱሞ ራሳቸው ምስማር ይዘው መጥተው በሩን ገጠሙልን። ገና ሲጀመር መሠራት የነበረበት ይኸው ነበር። ቀበሮውን በዓይናችን እንኳ አላየነውም።

እሑድ ከሰዓት ጊምቢቹ ገባሁ። ለባለቤቴ ለአልማዝ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አደመጠችኝና፣ "እኔም ብሆን እሄድ ነበር" አለች።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን በአንድ ቃል ንገረን ብትሉኝ አልችልም። የማውቀው ይህን ነው፦ እራት ቀርቦ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳነሣ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን ሕፃን አለቀሰ። ሲያለቅስ ሰምቼው የማላውቅ ልጅ አይደለም። እኔ ግን ጉርሻውን መልሼ፣ ጫማ እንኳ ሳላደርግ፣ የሰው በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

"ምን ሆነሃል ደጉ?" አለች እናቱ ደንግጣ። "ጥርስ እያወጣ ነው እኮ።"

"ምንም" አልኳት። "መኖሩን ልይ ብዬ ነው።"