ከአይቡ በኋላ

ማዳም ዩጌት ቱሩድ የሚኖሩት ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ነው። ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ልጅ የላቸውም። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ደረጃ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ደረጃውን ይሳደባሉ። እሁድ እሁድ ራት የምበላው እሳቸው ጋ ነው።

ጥቅምት ሲገባ ግን ቤታቸው ሰው ይመጣል። እዚህ ሩዋን ከተማ፣ ኖርማንዲ ውስጥ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኝ የተማሪዎች ማኅበር አለ። የእኛዎቹ ወደዚያ ይሻገራሉ፣ የእነሱዎቹ ደግሞ በመርከብ ዲየፕ ወደብ ይወርዱና ወደ እኛ ይመጣሉ። ሦስት ሳምንት ሰው ቤት ያርፋሉ። ለሚያርፉበት ቤት ሁሉ ደንቡ አንድ ነው፤ ራት ላይ ከምግቡ ቀጥሎ የሚመጣው አይብ እስኪቀርብ በፈረንሳይኛ ይወራል፣ አይቡ ከቀረበ በኋላ በእንግሊዝኛ። ማን እንዳወጣው እንጃ። ብቻ ከድሮ ጀምሮ እንደዚያ ነው።

ማዳም ቱሩድ ደግሞ እንግሊዝኛ አይችሉም።

ይሄን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በአስራ አራት ዓመት አስራ አራት ተማሪ አስተናግደዋል፤ የሚያውቁት እንግሊዝኛ ግን ሦስት ነገር ነው፣ የመጀመሪያዋ ልጅ አስተምራቸው የሄደችው። «እውነት?»፣ «ከዚያስ?»፣ «አይ ምስኪን!» በቃ። አይቡን ያቀርቡና እጃቸውን አጣጥፈው የተማሪውን ፊት ያያሉ። ፊቱ ካዘነ «ምስኪን»፣ ካላዘነ «ከዚያስ»። ልጆቹ ደግሞ ሲሄዱ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው ያለቅሳሉ። እንደርስዎ የሚያዳምጥ ሰው አላየሁም ብለው ይጽፉላቸዋል።

«ማኤል፣ ኃጢአት ይሆንብኛል?» አሉኝ አንድ ቀን።

«የምን ኃጢአት! ስለ ጓደኛዬ ሳወራ እኔንም እንደዚሁ አይደል የሚያደርጉኝ?»

«ያንቺንማ ባልሰማው ይሻላል። ያ ቀበጥ!»

የማኅበሩን ቢሮ ጠዋት ጠዋት የማጸዳው እኔ ነኝ። አንድ ሰኞ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ዘንድሮ ከኮሚቴው አንድ ሰው በየቤቱ ራት እየበላ ያያል ይላል። ከአይቡ በኋላ እንግሊዝኛ የማይወራበት ቤት ከዝርዝሩ ይሰረዛል። አምና አንዳንድ ቤት አይቡ ሲቀርብ ቴሌቪዥን ይከፈት ነበር አሉ፤ ተማሪዎቹ አቤት ብለው ነው። መጥረጊያዬን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ማዳም ፖም እየላጡ ነበር።

«ይሰርዙኛል» አሉ። ቢላውን አስቀመጡት። «ጥቅምት ከሌለ ዓመቱን ሙሉ ምን ልጠብቅ?»

ፖሙን እኔ ላጥኩት።

የዚያን ዓመት እንግዳቸው አይሊ የምትባል ስኮትላንዳዊት ነበረች፤ ከደንዲ የመጣች፣ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሹራብ የምትለብስ ልጅ። ፈረንሳይኛዋ ይንገዳገዳል። አይቡ ሲመጣ ግን በቋንቋዋ ትጀምርና ጠረጴዛው እስኪነሳ አታቆምም። ማዳም «ከዚያስ?» ይላሉ፣ ትቀጥላለች።

ሐሙስ ማታ የኮሚቴው ሊቀ መንበር መጣ። ኮሮንታን ይባላል፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክራቫት አስሮ፣ የሚሞላውን ቅጽ ብብቱ ውስጥ ይዞ። ማዳም እኔንም ጠርተውኛል። «ስሳሳት እግሬን ርገጪኝ» ብለውኛል። እኔስ መቼ እንደሚሳሳቱ በምን አውቃለሁ?

ዶሮ በክሬምና በፖም ተሠርቶ ነበር። ማዳም አይቡን ላለማምጣት የማያደርጉት ነገር የለም።

«ሙሴ ኮሮንታን፣ ሰላጣ ልጨምርልዎ?»

«ሁለቴ በላሁ እኮ፣ ማዳም።»

«የሚጣፍጠው ሦስተኛው ነው።»

ሦስተኛውንም በላ። ዳቦው አለቀ፣ ሌላ ተቆረጠ። መጨረሻ ላይ ሰሃኑ ባዶ ሆነና አይቡ መጣ፤ የልብ ቅርጽ ያለው የሰፈራችን አይብ። ኮሮንታን አፉን ጠርጎ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ስንት መኝታ ቤት አለዎት ማለቱ እንደነበር በኋላ ነው የተነገረኝ።

«እውነት?» አሉ ማዳም።

ደግሞ ጠየቀ፣ ቀስ ብሎ።

«ከዚያስ?»

ኮሮንታን ፊቱ ጨፈገገ። ማዳም ፊቱን አዩና እጁን ያዝ አድርገው «አይ ምስኪን!» አሉት።

ሹካውን አስቀመጠ። እኔ እግራቸውን ረገጥኩ፤ ግን ምን ዋጋ አለው። ማዳም ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጄ፣ አንድ ቃል አልገባኝም» አሉ በፈረንሳይኛ። «አስራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ገብቶኝ አያውቅም።» ወደ አይሊ ዞሩ። «አንቺም ይቅር በይኝ። ያን ሁሉ ስትነግሪኝ ድምፅሽን እንጂ ነገሩን አልሰማሁም።»

አይሊ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «አውቃለሁ» አለች። «ከሁለተኛው ማታ ጀምሮ አውቃለሁ። ወንድሜ ውሻችንን ኮፍያ አልብሶ ቤተ ክርስቲያን ያስገባበትን ቀን ስነግርዎት ‹ምስኪን› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

የፈረንሳይኛ ቃል ፈለገች። «ወንድሜ በሚያዝያ ሞተ። ቤት ውስጥ ስሙን ሳነሳ እናቴ ታለቅሳለች፣ አባቴ ተነስቶ ይወጣል። እዚህ… እዚህ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ማንም ሳያቋርጠኝ።»

«አይቡ ቀርቧል እኮ፣ በእንግሊዝኛ ነው» አለ ኮሮንታን። ለምዶበት አመለጠው መሰለኝ።

«አንተ ዝም ብለህ ብላ!» አሉት ማዳም።

በላ። እኛም በላን። ማዳም የአይሊን ሹራብ እጅጌ ይዘው አልለቀቁም። ከዚያ ኮሮንታን ቅጹን አወጣ።

«ማዳም፣ ከአይቡ በፊት ተነስቼ ሄድኩ ብዬ ልጻፍ» አለ።

«ከአይብ በፊት የሚነሳ የኖርማንዲ ልጅ? ማን ሊያምንህ! እናትህን ልታሰድብ ነው? ያየኸውን ጻፍ። እኔ ማስመሰል ደክሞኛል።»

ያየውን ጻፈ።

ኮሚቴው ረቡዕ ሲሰበሰብ እኔ ኮሪደሩን እወለውላለሁ፤ አንዱን ቦታ አራት ጊዜ ሳልወለውለው አልቀረሁም። ውስጥ ይጮሃሉ። አንዱ «ደንብ ደንብ ነው፣ ለሚመጡት ተማሪዎችም ሐቅ አይደለም» ይላል። እውነቱን ነው። ሌላዋ «አስራ አራቱም ተማሪ አመስግኖ ነው የጻፈው» ትላለች። በመጨረሻ ኮሮንታን ወጣና ለእኔ ነገረኝ። አይሊ እስክትሄድ እዚያው ትቆያለች። ማዳም በመጪው መስከረም በእንግሊዝኛ ተጠይቀው መመለስ ከቻሉ ስማቸው ይቆያል። ካልቻሉ የለም።

ማዳም ሲሰሙ «ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» ብቻ አሉ።

ግን ሄዱ። ማኅበሩ ወደ እንግሊዝ ለሚሻገሩት ልጆች በሚሰጠው ትምህርት ማክሰኞ ማክሰኞ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ቤታቸው ያለው ዕቃ ሁሉ የእንግሊዝኛ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ተለጠፈበት፤ ድስቱ፣ መጋረጃው፣ የታመመው ጉልበታቸው ሳይቀር። እውነቴን ነው! ደረጃውንም በእንግሊዝኛ መሳደብ ጀመሩ።

መስከረም ላይ ኮሮንታን መጣና ስንት መኝታ ቤት አለዎት ብሎ ጠየቃቸው። «ሁለት። አንዱ ያፈሳል» አሉት። ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ቢሮውን ሳጸዳ እየተመላለስኩ አየው ነበር።

ጥቅምት ላይ ጌቲን የሚባል የዌልስ ልጅ ተላከላቸው። ጌቲን አይናገርም። እስከ አይቡም አይናገርም፣ ከአይቡም በኋላ አይናገርም። በአራተኛው ቀን ማዳም ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው በሬን አንኳኩ።

«ዓመት ሙሉ ተማርኩ፣ አፉ የተሰፋ ላኩልኝ!»

«ይለምዳል፣ ማዳም።»

«መቼ? ሦስት ሳምንት ነው ያለው!»

«ታዲያ እርስዎ አያወሩም?»

«እኔ? እኔ ደግሞ ምን የማወራው አለኝ?» ብለው ወረዱ።

እሁድ ራት ላይ ሦስታችን ነበርን። አይቡ ቀረበ። ጌቲን ዳቦውን ይቆራርሳል፣ እኔ ጣሪያ አያለሁ። ማዳም ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ጀመሩ፤ በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን ከሩቅ እንደሚጎትት ሰው። እኔ ምንም አይገባኝም። ጌቲን ግን ማኘክ አቆመ። አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ አንድ ቃል አረማቸው፤ የነገራቸውን ደግመው ቀጠሉ።

ከዚያ ሁሉ የለየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሬሞን። ሬሞን ባላቸው ናቸው፤ አራት ዓመት ስንጎራበት ስማቸውን አንስተው ሰምቼ አላውቅም። ደግመው አነሱት። ሳቁ፣ ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጌቲን ወንበሩን ወደሳቸው ጠጋ አደረገ።

ጣፋጩን ላመጣ ብዬ ተነሳሁና ወጥ ቤት ቆየሁ።