ቅርንፉድ የሚያኝከው ጥበቃ

ጭሮ ከተማ ካለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ በር ላይ «አልኮል ይዞ መግባትም ሆነ መሸጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። በምርቃት ቀን ግን ያነበበው ሰው ያለ አይመስልም። አይናዲስ እህቷ ስትመረቅ ለማየት ከአጎቷ ከጋሽ ገብሬ ጋር ተሰልፋ ጥበቃውን ታየዋለች። የደንብ ልብሱን ትከሻው ላይ ፀሐይ አንጥቶታል፤ እሱ ግን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። የውሃ ፕላስቲክ ሲሰጡት ክዳኑን አይከፍትም፣ አያሸትም። ክንዱን ዘርግቶ፣ ከራሱ አርቆ አንዴ ይነቀንቀውና አረፋውን ያያል። የውሃ ከሆነ ወዲያው ይጠፋል፤ የአረቄ ግን እንደ ጨሌ ተደርድሮ ይቆያል። ያን ጊዜ ፊቱን ዘወር አድርጎ ከኪሱ ቅርንፉድ ያወጣና ያኝካል።

የጋሽ ገብሬም አረፋ ቆየ።

«ለልጅቷ ደስታ እኮ ነው! ከሚኤሶ ድረስ ያመጣሁት!»

«ኦቦ፣ ደስታዎን ይዘው ይግቡ፤ እሱ እኔ ጋ ይቆይዎታል» አለና ስማቸውን ፕላስተር ላይ ጽፎ ለጠፈበት። ከወንበሩ ሥር አሥራ ምናምን ፕላስቲክ ተኮልኩሏል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሲወጡ እዚያው ተቀምጧል። ቅርንፉድ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰና ባዶ እጁን አወጣ። ጋሽ ገብሬ አረቄያቸውን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሱት፤ በዓይናቸው ለኩት። አይናዲስ አፈረች።

«አልጎደለም አይደል?» አሉት።

ጥበቃው አልተቆጣም።

«አንዲት ጉንጭ ቢጎድልማ ኖሮ፣ ኦቦ፣ እኔንም እዚህ አያገኙኝም ነበር።»